ሁለት አምፕ፣ አንድ ጥንድ ስፒከር

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። አባቴ ባለፈው ክረምት ከይርጋለም ጠቅልለው እኛ ጋ ገብተዋል። ይዘው የመጡት ዕቃ ጥቂት ነው። ዋናው ያ ከባድ የጃፓን አምፕሊፋየራቸውና የካሴት ማጫወቻቸው ነው። ባለቤቴ ደግሞ ትንሽ የብሉቱዝ አምፕ አለው፤ ቴሌቪዥኑም የስልኩ ሙዚቃም በእሱ ነው የሚሰማው። ደህና ስፒከር ያለን ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ 8 ኦም ይላል።

አባቴ ካሴት ሊሰሙ ሲሉ ገመድ ነቅሎ መሰካት ነው። ባለቤቴ ኳስ ሊያይ ሲል እንደገና መንቀል። የገመዱ ጫፍ ተበጣጥሶ አለቀ፤ እኔም ሰለቸኝ። የሰፈራችን ቴክኒሻን ‹የሁለቱንም አምፕ ገመድ አንድ ላይ ጠምዝዤ ስፒከሩ ላይ አስረዋለሁ፤ እናንተ ብቻ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታብሩ› አለን። ባለቤቴ ደግሞ እንዲያውም ሁለቱ አንድ ላይ ቢበሩ ድምፁ እጥፍ ይሆናል፣ ለልጃችን ልደት ይጠቅመናል ይላል። በዚያው በረንዳው ላይም ስፒከር ማስገባት አምሮታል። ቴክኒሻኑ ቅዳሜ ይመጣል። እሺ ልበለው? ደግሞ የአባቴ አምፕ ድምፅ ሲጨምሩት ይንኮሻኮሻል። ሊሞት ነው እንዴ?

ሁለት አምፕ ያስመረራት፣ ከሐዋሳ»

መልስ

እህቴ፣ ቅዳሜ ቅርብ ስለሆነ አላንዛዛውም፤ እሺ አትበዪው። ገመዶቹ አንድ ላይ አይጠመዘዙም። ሁለት አምፕ አንድን ጥንድ ስፒከር በየተራ በሰላም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እርስ በርስ ግን መነካካት የለባቸውም። በርተውም ቢሆን፣ ጠፍተውም ቢሆን። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለስፒከር ገመድ ግን አይሠራም።

ቴክኒሻናችሁ ሊያታልላችሁ ነው ማለቴ አይደለም። እንደዚህ አስረው ለዓመታት ምንም ያልሆኑ ቤቶች አሉ፤ እሱም አይቶ ይሆናል። ይህም ምክንያት አለው። ደህና የሚባሉት የድሮ አምፖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ሪሌይ፣ ማለትም በኮረንቲ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ፣ አለ። ስታበሪው ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ «ቀጭ» የሚለው እሱ ነው። አምፑ ሲጠፋ ሪሌዩ የስፒከሩን መስመር ይቆርጠዋል። ስለዚህ የጠፋው አምፕ ከገመዱ ጋር ግንኙነት የለውም። ትንንሾቹ የብሉቱዝ አምፖች ግን ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። ጠፍተውም መውጫቸው ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ ነው። የአባትሽ አምፕ ሲዘፍን ኮረንቲው ወደ ስፒከሩ ብቻ ሳይሆን በጓሮ በር ወደ ትንሹ አምፕም ይገባል። ያ አምፕ ደግሞ ኮረንቲ እንዲያወጣ እንጂ በዚያ በኩል እንዲቀበል አልተሠራም።

ሁለቱም ሲበሩማ ነገሩ ሌላ ነው። ስፒከርሽ ኮረንቲውን በ8 ኦም ያህል ይቃወመዋል፤ ኦም የተቃውሞ መለኪያ ነው። ጥሩ አምፕ ግን በመውጫው በኩል ሲታይ የራሱ ተቃውሞ 0.1 ኦም ወይም ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ስታስሪያቸው አንዱ አምፕ ከፊቱ የሚያገኘው 8 ኦም ስፒከር ብቻ አይደለም። ከጎኑ 80 እጥፍ የቀለለ መንገድ ተከፍቶለታል፤ እሱም ሌላኛው አምፕ ነው። ኮረንቲ የቱን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። አንዱ ካሴት፣ ሌላው የኳስ ጨዋታ እየሰጠ፣ ሁለቱ እየተገፋፉ፣ በቃ ሾርት ነው።

ቀድመው የሚቃጠሉት ለስፒከሩ ኮረንቲ የሚሰጡት የመውጫ ትራንዚስተሮች ናቸው። ትራንዚስተር ሲቃጠል ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ አይቀርም፤ ሾርት ሆኖ ይቀራል። ያኔ አምፑ ውስጥ ያለው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ሳይጣራ ስፒከሩ ላይ ይወርዳል። ይህ ቮልቴጅ በአባትሽ ዓይነት አምፕ 35 ቮልት አካባቢ ቢሆን አይገርምም። 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር ሲለካ 6 ኦም አካባቢ ነው የሚያሳየው። 35ን በ35 አባዝተሽ ለ6 ስታካፍዪው 200 ዋት ገደማ ይመጣል። ይህ ሙዚቃ አይደለም፣ ሙቀት ብቻ ነው። የትልቁ ስፒከር ወረቀት ወደ ፊት ይወጣና፣ ወይም ወደ ውስጥ ይሰምጥና፣ እዚያው ቀጥ ብሎ ይቀራል። አይንቀጠቀጥም፤ አይመለስም። ከትንሽ ጊዜ በኋላ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ይመጣል። ሽታው ከመጣ ኮይሉ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ አልቆለታል ማለት ነው። ፊውዝና ፕሮቴክሽን አንዳንዴ ይደርሳሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደርሱም።

«ብቻ ሁለቱን አንድ ላይ አታብሩ» የምትለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ መብራት በማይሄድበት አገር ትሠራ ይሆናል። እስቲ አስቢው። ማታ አባትሽ ካሴት እየሰሙ መብራት ይሄዳል። የድሮ አምፕ ማብሪያ ተጭኖ የሚቀር ነው። እሳቸውም «በቃ፣ ለዛሬ ይብቃኝ» ብለው ይተኛሉ፤ በጨለማ ማብሪያ ፈልጎ የሚያጠፋ ሰው የለም። ጠዋት ባለቤትሽ መብራት መጥቶ እንደሆነ ለማየት የራሱን አምፕ ቁልፍ ያዞራል። የለም። እንደዞረ ትቶት ወደ ሥራው ይሄዳል። ረፋድ ላይ መብራቱ ሲመጣ ሁለቱ አምፖች እኩል ይነሳሉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ማንም የለም። የማስታወስ ችሎታ ላይ የቆመ የኮረንቲ ሥራ እኔ አልወድም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ቴክኒሻኖችም የሚስቱት። «እሺ፣ ቀዩን ብቻ በማብሪያ እንለያይ፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ አንድ ላይ ቢሆን ምን ይጎዳል?» የሚል ይመጣል። በብዙ የድሮ አምፖች ጥቁሩ ከአምፑ ቆርቆሮ ጋር የተያያዘ መሬት ነው፤ እውነት ነው። በብሉቱዝ አምፖች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። እነሱ ቀዩንም ጥቁሩንም እኩል ነው የሚገፉት። በ24 ቮልት የሚሠራ ትንሽ አምፕ ላይ ሙዚቃ ሳይኖር እንኳን ቀዩም ጥቁሩም ከመሬቱ አንጻር 12 ቮልት አካባቢ ላይ ቁጭ ብለዋል። ያንን ጥቁር ከአባትሽ አምፕ ጥቁር ጋር ካገናኘሽውና ሁለቱ አምፖች ደግሞ በሌላ ገመድ፣ ለምሳሌ በቴሌቪዥኑ በኩል፣ መሬት ከተጋሩ፣ 12 ቮልቱን በቀጥታ መሬት ላይ ደፋሽው ማለት ነው። ስለዚህ አራቱም ገመድ ይለያያል፤ የቀኝ ቀይና ጥቁር፣ የግራ ቀይና ጥቁር።

አሁን ከመፍትሔው በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ለመሆኑ ሁለት አምፕ ምን ያደርግላችኋል? ደብዳቤሽን ሳነበው የቸገራችሁ የአምፕ ብዛት አይደለም። ያላችሁ ሦስት የድምፅ ምንጭ ነው፦ ካሴት፣ ቴሌቪዥንና ስልክ። አምፕ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ ምንጭ ተቀብሎ ለአንድ ጥንድ ስፒከር እንዲሰጥ የተሠራ ዕቃ ነው። የአባትሽን አምፕ ጀርባ እዪው። ቀይና ነጭ የጃክ መሰኪያዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። ከላያቸው «ቴፕ»፣ «ኦክስ»፣ «ቲዩነር»፣ «ፎኖ» የሚል ጽሑፍ ታገኛለሽ። ካሴቱ «ቴፕ» ላይ እንዳለ ይቆይ። ቴሌቪዥኑ «ኦክስ» ላይ ይገባል። ስልኩ በትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ በኩል «ቲዩነር» ላይ። ቲዩነር ስለተባለ ሬዲዮ ብቻ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ከኦክስ ጋር አንድ ዓይነት መግቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት ያለውን መምረጫ ማዞር ብቻ ነው። ገመድ መንቀል ቀረ፣ ጭቅጭቅም ቀረ።

«ፎኖ» ላይ ግን ምንም እንዳትሰኩ። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው። ከሸክላ መርፌ የሚመጣው ምልክት 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ከዲቪዲ ወይም ከብሉቱዝ መቀበያ የሚወጣው ግን እስከ 2 ቮልት ይደርሳል፤ ማለትም 400 እጥፍ። ድምፁ ተንጫርሮ ጆሮ ይበሳል።

ደግሞ «ቴፕ ሞኒተር» የምትል ተጫኝ ቁልፍ ፊት ለፊት ብታዪ ለመላው ቤተሰብ አሳውቂ። እሷ ከተጫነች አምፑ መምረጫው የትም ቢሆን ካሴቱን ብቻ ነው የሚሰማው። አባትሽ ካሴታቸውን ጨርሰው ሳይለቋት ከተነሱ፣ ባለቤትሽ ኳስ ሲከፍት ድምፅ የለም። «አሮጌው አምፕ ተበላሸ» ብሎ እንዳይጀምርሽ።

የቴሌቪዥኑ ነገር ትንሽ ሥራ አለው። አሁን ከትንሹ አምፕ ጋር በገመድ ከሆነ የተያያዘው፣ ያንኑ ገመድ ነቅሎ ወደ ኦክስ ማዞር ነው። በብሉቱዝ ከሆነ ግን የቴሌቪዥኑን ጀርባ ተመልከቱ። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ቀይና ነጭ የድምፅ መውጫ የላቸውም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለ በእሱ ይሆናል። ከሌለ «ኦፕቲካል» የተባለች፣ ውስጧ ቀይ ብርሃን ያላት ትንሽ ቀዳዳ ትኖራለች። ከእሷ ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይር በመዳፍ የሚያዝ መቀየሪያ ይሸጣል። ስትገዙ አንድ ነገር አትርሱ፦ ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የዲጂታል ድምፁን «ፒሲኤም» ላይ አድርጉት። ይህን ያላደረገ ሰው መቀየሪያው ዝም ይልበታል፣ ወይ ይንጫጫበታል፣ ከዚያ ተበላሽቷል ብሎ ለሱቁ ይመልሳል። ኳሱ በዲሽ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሪሲቨሩ ራሱ ቀይና ነጭ መውጫ ስላለው ከዚያ መውሰድ ከሁሉም ይቀላል።

ባለቤትሽ «የእኔ አምፕ እኮ 100 ዋት ነው፤ የሳቸው 40 ነው» ሊልሽ ይችላል። ካርቶኑ ላይ እንደዚያ ተጽፎ ይሆናል። ካርቶን ላይ ቁጥር መጻፍ ኮረንቲ አይጠይቅም። የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡት። 24 ቮልት ከሆነ፣ 8 ኦም ስፒከር ላይ ሳይንጫረር ሊወጣ የሚችለው ትልቁ ጉልበት በሒሳብ 36 ዋት ነው። 24ን በ24 አባዝታችሁ ለ16 አካፍሉት። በተግባር ከዚያም ያንሳል። ቻርጀሩ 3 አምፒር የሚል ከሆነ ደግሞ ያለው ጠቅላላ ጉልበት 72 ዋት ነው፤ ያውም ቀኝና ግራ ተደምሮ። ስለዚህ የአባትሽ 40 ዋት ከዚያ 100 አያንስም። እኔ ብመርጥ ሳሎኑን ለሳቸው አምፕ እሰጣለሁ። ሰውየው ቤታቸውን ለቀው መጥተዋል፤ ዕቃቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጣ ማድረግ ጥሩ አይመስለኝም። ደግሞ መሰኪያው ብዙ ነው።

የለም፣ ሁለቱም ሳሎን ይቆዩ ካላችሁም መንገድ አለ። የአምፕ መምረጫ የሚባል ትንሽ ሣጥን አለ፤ ሁለት አምፕ ይገባበታል፣ አንድ ጥንድ ስፒከር ይወጣበታል። ከተማችሁ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ካላገኛችሁት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ላኩ። ቴክኒሻኑም ጥሩ ማብሪያ ካገኘ ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ግን ስትገዙም ስታሠሩም የማይታለፉ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ ደረጃ ማብሪያው አራት ገመድ በአንድ ጊዜ የሚያዞር መሆን አለበት። ሁለት ብቻ የሚያዞር ከሆነ ጥቁሮቹ ውስጥ ለውስጥ ተያይዘዋል ማለት ነው፤ ጣጣውን ከላይ ነግሬሻለሁ። ቀጥሎ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር መጀመሪያ የቀደመውን ለቅቆ ከዚያ አዲሱን የሚይዝ ይሁን። መሐል ላይ ሁለቱንም የማይነካበት ማቆሚያ ካለው እሱ ይመረጣል። ማብሪያው የሚችለው ኮረንቲ ደግሞ 10 አምፒር ቢሆን አትጨነቁም።

ከሁሉም የምፈራው ግን ተጫኝ ቁልፍ ያለበትን ሣጥን ነው። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው አንድ አምፕ ለብዙ ስፒከር የሚያከፋፍለው ነው። «ኤ» እና «ቢ» የሚሉ ለየብቻ የሚጫኑ ቁልፎች አሉት። ሻጩ «ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት፣ ያው ነው» ሊላችሁ ይችላል። ያው አይደለም። አምፖቹን በኤ እና በቢ አስገብታችሁ ልጅሽ ሁለቱንም ቁልፍ ቢጫናቸው ቴክኒሻኑ ሊጠመዝዝ የነበረውን ገመድ በገዛ ገንዘባችሁ ጠመዘዛችሁት። የሚዞር ወይም ወደ ግራና ቀኝ የሚጋደም ማብሪያ ይሁን፤ አንዱ ሲመረጥ ሌላው የግድ የሚለቅ።

ሣጥኑ ምንም አምፕ ሳይገባበት በቴስተር ይፈተሽ። ይህንን ቆመሽ አሠሪው፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ቴስተሩ «ጢጥ» የሚልበት ላይ ይደረግ። አንዱ ጫፍ የመጀመሪያው አምፕ መግቢያ ቀይ ላይ፣ ሌላው የሁለተኛው አምፕ መግቢያ ቀይ ላይ ይያዝ። ማብሪያውን ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። በየትኛውም ቦታ፣ መሐል ላይም ቢሆን፣ ጢጥ ማለት የለበትም። ያንኑ በጥቁርና በጥቁር ድገሙ። ከዚያ በቀይና በጥቁር። በቀኝም በግራም። አንዴ እንኳን ጢጥ ካለ ሣጥኑ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ስፒከሮቹ ግን በዚህ ጊዜ ከሣጥኑ ጋር መያያዝ የለባቸውም፤ ኮይላቸው ቴስተሩን ያሳስተዋል።

ገመዱ ከታሰረ በኋላ ደግሞ ቀይና ጥቁሩ አለመቀያየሩን እዩ። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ ምንም አይቃጠልም፤ ግን ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሐል መቆሙን ትቶ ቤቱን ሲዞር ይውላል። ማወቂያው ቀላል ነው። የስፒከሩን ገመድ በአምፑ በኩል ካለው ጫፍ ፍቱትና ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነኩት፤ አናቱን ቀዩ ገመድ ላይ፣ ቂጡን ጥቁሩ ላይ። የትልቁ ስፒከር ወረቀት ወደ ፊት ብቅ ካለ ልክ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተቀያይሯል። ሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ማድረግ አለባቸው።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ልማድ ብቻ ይኑራችሁ፦ ቮሊዩም ሳትቀንሱ አታዙሩ። እየጮኸ ሲዞር ማብሪያው ውስጥ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ቀስ በቀስም ይበላዋል። ስፒከር የሌለበት አምፕ በርቶ ቢቆይ፣ ትራንዚስተር ከሆነ ምንም አይሆንም። በመስታወት ቱቦ የሚሠራ፣ ሲበራ ቱቦው የሚቀላ አምፕ ከሆነ ግን ይህን ዘዴ አትጠቀሙ፤ ያለ ስፒከር ሲሠራ ይጎዳል። የአባትሽ ካሴት የሚያጫውት የጃፓን አምፕ ከሆነ ትራንዚስተር መሆኑ አይቀርም።

አሁን ወደ ልደቱ። ሁለት አምፕ አንድ ስፒከር ላይ ቢታሰር ድምፅ አይደመርም፤ ይህን አይተናል። ግን በሆነ ተአምር ዋቱ እጥፍ ሆነ እንበል። ከ40 ወደ 80። የሚጨመረው በድምፅ መለኪያው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «ትንሽ ጨምሯል» ይላል እንጂ «እጥፍ ሆነ» አይልም። እጥፍ ሆነ እንዲባል 10 ዴሲቤል ያህል ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ዋቱ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ከ40 ወደ 400። ስፒከራችሁ ያንን አይችልም። ሳሎን ውስጥ እየተጫወታችሁ ሙዚቃ ስትሰሙ የምትጠቀሙት ከጥቂት ዋት አይበልጥም። ለልደቱ ስፒከሮቹን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጓቸው፣ ቤዙ ራሱ ይጨምራል። ካልበቃ ለአንድ ቀን ሳውንድ ሲስተም መከራየት አንድ ጥንድ ስፒከር ከማቃጠል ይረክሳል።

ቴክኒሻኑ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ብሪጅ እናድርገው»፣ ማለትም የአንዱን አምፕ ቀኝና ግራ አጣምረን ለአንድ ስፒከር እንስጥ፣ ካለ፣ አምፑ ጀርባ ላይ ብሪጅ የሚል ማዞሪያ ከሌለ አይነካም። ስፒከራችሁ ኋላው ላይ አራት ማሰሪያ ኖሮት በብረት ቁራጭ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ፣ ቁራጩን አውልቆ አንዱን አምፕ ለቤዝ፣ ሌላውን ለቀጭኑ ድምፅ መስጠት ይቻላል። ግን ሁለቱም አምፕ አንድ ዓይነት ሙዚቃ እየተቀበሉ ነው፤ የእናንተን ካሴትና ኳስ አይለያይም። እርሱት።

በረንዳው ላይ ግን ባለቤትሽ ልክ ነው። እንዲያውም የነገሩ ሁሉ መፍቻ እዚያ ያለ ይመስለኛል። አንድ ጥንድ መጠነኛ ስፒከር ገዝቶ በራሱ የብሉቱዝ አምፕ ያጫውተው። የሳሎኑ የአባትሽ፣ የበረንዳው የእሱ። ሁለቱ አምፕ አይገናኙም፣ መምረጫም አያስፈልግም፣ አንዱ ካሴት ሲሰማ ሌላው ደጅ ላይ የፈለገውን ይከፍታል። ገመዱ 10 ሜትር ያህል ከሆነ ውፍረቱ «1.5» የሚባለው ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ «2.5» ይሁን። ስፒከሩ ዝናብ የማያገኘው ቦታ፣ ከጣሪያው ሥር ይሰቀል። ሐይቁ ዳር ያሉ ሰዎች ደግሞ ገመዱን ግድግዳ ላይ አጥብቀው ይምቱት፤ ጦጣ የተንጠለጠለ ነገር ካየች መጎተቷ አይቀርም።

በአባትሽ አምፕ ሁለቱንም ጥንድ ላጫውት ካላችሁ ጀርባው ላይ የ«ኤ» እና የ«ቢ» ማሰሪያ መኖሩን እዩ። ከጎኑ የተጻፈውን ኦም አንብቡት። ብዙዎቹ ለአንድ ጥንድ ከ4 ኦም ጀምሮ ይፈቅዳሉ፣ ሁለቱ ጥንድ አብረው ሲሠሩ ግን እያንዳንዱ ከ8 ኦም እንዳያንስ ያዝዛሉ። ሁለት 8 ኦም አንድ ላይ 4 ይሆናል፤ ደህና ነው። የበረንዳው 4 ኦም ከሆነ ግን አምፑ የሚያየው 2.7 ኦም ገደማ ነው፤ ይግላል። ስለዚህ የበረንዳውን ስትገዙ 8 ኦም የሚለውን ምረጡ።

የቀረው መንኮሻኮሹ ነው። አምፑ አልሞተም፤ ቮሊዩሙ ውስጥ አቧራ ገብቷል። ኮንታክት ክሊነር የሚባል ስፕሬይ አለ። ዘይት ያለው የዝገት ማላቀቂያ እንዳይሆን። አምፑ ከሶኬት ይነቀል፣ ውስጡ ያለው ኮረንቲ እስኪወርድ ጥቂት ይቆይ። ከዚያ ክዳኑ በካቻቢቴ ተፈቶ ከቮሊዩሙ ጀርባ ባለችው ክፍተት ትንሽ ይነፋበት፣ ቁልፉም ከዳር እስከ ዳር 20 ጊዜ ያህል ይዙር። ሳይከደን ደርቆ ይደር። ካልተሻለው ቮሊዩሙን መቀየር ነው፤ ውድ ዕቃ አይደለም። ቴክኒሻኑ ቅዳሜ መምጣቱ ካልቀረ ይህን ሥራ ስጪው፤ ስፕሬዩንና ቴስተሩን ይዞ ይምጣ።